ከክብደቱ ጎን ሳምንቱ ይጻፍ፦ በፅኑ በታመሙ ጨቅላዎች አካል ውስጥ የስቴሮይድ መድኃኒት ጉዞ

(ደሴ ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የፋርማሲ ባለሙያዎችና የሕክምና ተማሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የንግግሬ መነሻ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። ከኩታበር ወዲያ ካለ ጤና ጣቢያ ወደ ደሴ በአምቡላንስ ከመጣች ነፍሰ ጡር ጋር የደረሰች የሪፈር ወረቀት ስትሆን፣ ምጥ ያለጊዜው መጀመሩን ከገለጸች በኋላ መጨረሻዋ ላይ «ዴክሳሜታዞን ተሰጥቷል» ትላለች፤ ያለጊዜው ለሚወለድ ሕፃን ሳንባ ሲባል ለእናቲቱ የሚወጋ ስቴሮይድ ነው። ስንት ጊዜና በስንት ሰዓት እንደተሰጠ አትናገርም። እናቲቱ በዚያው ቀን ምሽት፣ በ29 የእርግዝና ሳምንቷ፣ 1.2 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ሲፓፕ በተባለው የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ላይ ሆና ሁለት ቀን ደህና ቆየች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ኢንፌክሽን ተጠረጠረ፣ የደም ግፊቷ ወረደ፣ ፈሳሽም፣ ግፊት የሚያነሣው ዶፓሚንም ተሰጥቷት አልነሣ አለ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሀይድሮኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ አዘዘ። የመድኃኒት ካርዷን ስመለከት ስም፣ የካርድ ቁጥርና «ክብደት 1.2 ኪ.ግ» የሚል ሰፍሮበታል። 29 ሳምንቷ ግን እናቷ ካርድ ላይ ቀርቷል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስለቀረው ቁጥር ነው። በፅኑ በታመመ ጨቅላ ውስጥ አንድ ስቴሮይድ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነው የታዘዘው ሚሊ ግራም ብቻ አይደለም፤ ጉበቱ ስንት ሳምንት እንደሞላው፣ ደሙ ምን ያህል ፕሮቲን እንደያዘ፣ ሕመሙም የመድኃኒቱን መውጫ መንገድ ምን ያህል እንዳጠበበው አብሮ ይወስናል። ስለዚህ ከክብደቱ ጎን ሳምንቱና ቀኑ ያልሰፈረበት የሀይድሮኮርቲዞን ትእዛዝ፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንካው። ስቴሮይድን በሕክምና ያስተዋወቁት ፊሊፕ ሄንችና ኤድዋርድ ኬንዳል በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በ1948 ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ በመስጠታቸው ሲሆን፣ ከታዴውስ ራይክስታይን ጋር ሆነው በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ያደረሰው ግን የበግ ጥናት ነው፤ በግ የምናረባ የወሎ ሰዎች ይህን ልብ ብንለው ደስ ይለኛል። ኒው ዚላንዳዊው ግራም ሊጊንስ ምጥን የሚያስነሣው ምን እንደሆነ በበጎች ላይ ሲመረምር፣ ስቴሮይድ አግኝተው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ግልገሎች ከሚጠበቀው በላይ ሲተነፍሱ አየ። ከሕፃናት ሐኪሙ ከሮስ ሆዊ ጋር በኦክላንድ በነፍሰ ጡሮች ላይ ያካሄደው ጥናት በ1972 ታተመ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም በየ12 ሰዓቱ 6 ሚሊ ግራም አራት ጊዜ በጡንቻ የሚወጋው፣ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። በ2020 የወጣውና በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች 2,852 ሴቶችን ያሳተፈው ጥናት፣ መድኃኒቱን ካገኙ እናቶች ከተወለዱ ሕፃናት መካከል በአራስነት የሞቱት 19.6 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 23.5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 የወጣ በስድስት አገሮች የተሠራ ሌላ ጥናት ግን ጥቅሙን አላገኘም፤ እንዲያውም በእናቶች ላይ የኢንፌክሽን ጥርጣሬ ጨምሮ ታይቷል። ሁለቱን የለየው በእኔ ንባብ መርፌው አይደለም። በ2020ው ጥናት የእርግዝናው ሳምንት በጥንቃቄ ተለክቷል፣ ለሚወለደው ሕፃንም የተዘጋጀ ክፍል ነበር። ሳምንቱን ማወቅ ከዚህ ጀምሮ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

ለእናቲቱ ለምን ዴክሳሜታዞን ወይም ቤታሜታዞን እንጂ ፕሬድኒሶሎን እንደማይሰጥ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። መልሱ እንግዴ ልጁ ላይ ነው። እንግዴ ልጅ የራሱ በር ጠባቂ አለው፤ የእናትን ኮርቲሶል፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ስቴሮይድ፣ ወደማይሠራው ወደ ኮርቲዞን የሚለውጥ ኢንዛይም ሲሆን፣ ፕሬድኒሶሎንንም እንደዚሁ ያከሽፈዋል። ዴክሳሜታዞንና ቤታሜታዞን ግን በቅርጻቸው ላይ ፍሎሪን ስላለባቸው ይህ ኢንዛይም በሚገባ አይዛቸውም፤ አልፈው ፅንሱ ይደርሳሉ። የኩታበሯ ሕፃን ከመወለዷ በፊት የመጀመሪያዋን የስቴሮይድ መጠን የተቀበለችው በዚህ መንገድ ነው። ኮርቲሶልን የሚሠራው የራሷ አድሬናል ዕጢ ከዚህ የተነሣ ለጥቂት ቀናት ቀዝቀዝ ሊል ይችላል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አድሬናል ደግሞ ቀድሞውንም ኮርቲሶል በብዛት ለመሥራት የተሰናዳ አይደለም፤ አብዛኛው ክፍሉ እንግዴ ልጁ ኢስትሮጅን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ሲያመርት የቆየ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ግፊቷ ሲወርድና በዶፓሚን አልመለስ ሲል፣ ሐኪሙ የኮርቲሶል እጥረትን መጠርጠሩ ትክክል ነበር። ሀይድሮኮርቲዞን ማለት በመድኃኒት ስም የተጠራ ኮርቲሶል ነው።

አሁን መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገባ እንበል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚገባውን ሚኒባስ አስቡት። ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ጉዳዩን የሚፈጽመው ፒያሳ ላይ ወርዶ በእግሩ የሚሄደው ነው። ኮርቲሶልም እንደዚሁ ነው። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካለው ኮርቲሶል 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ትራንስኮርቲን በሚባለው ፕሮቲንና በአልቡሚን ላይ ተሳፍሮ ይዞራል፤ ሴል ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ነፃ ሆኖ የሚሄደው ጥቂቱ ብቻ ነው። በጨቅላ ሕፃን ደም ውስጥ ሚኒባሶቹ ጥቂት ናቸው፤ ያለጊዜው በተወለደው ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። ትራንስኮርቲን ላይ ያለው ወንበር የተወሰነ ስለሆነ፣ ከፍ ያለ የሀይድሮኮርቲዞን መጠን በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ወንበሩ ይሞላና ትርፉ በእግሩ ይሄዳል፤ መጠኑን እጥፍ ስናደርግ ወዲያው የሚገኘው ነፃ ክፍል ከእጥፍ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉበት የሚያፈርሰውም ነፃውን ስለሆነ፣ የተትረፈረፈው ቶሎ ይወገዳል። ሴፕሲስ፣ ማለትም መላ አካልን የሚያናጋ ኢንፌክሽን፣ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቁና ትራንስኮርቲንን ቆርጠው ተሳፋሪውን እብጠቱ ያለበት ቦታ ላይ ያወርዱታል፤ ትኩሳትም የፕሮቲኑን አያያዝ ያላላል። ተፈጥሮ መድኃኒቱን በሚያስፈልግበት ሰፈር የምታራግፍበት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር የላቦራቶሪ ውጤትን አነባበብ ይመለከታል። የተለመደው የኮርቲሶል ምርመራ ተሳፋሪውንም እግረኛውንም ደምሮ ይቆጥራል። ፕሮቲኑ ያነሰ ሕፃን ድምሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ነፃው ክፍል ግን በቂ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የፅንሱ ዕጢ ሲሠራቸው የነበሩ ሌሎች ስቴሮይዶች በአንዳንድ የመመርመሪያ ዘዴዎች ኮርቲሶል መስለው ይቆጠሩና ውጤቱን ያለልክ ከፍ ያደርጉታል። ሀይድሮኮርቲዞን ከተጀመረ በኋላ የተወሰደ ናሙና ደግሞ የሚለካው የሰጠነውን መድኃኒት ጭምር ስለሆነ፣ ስለ ሕፃኑ ዕጢ የሚነግረን ነገር የለም። ኮርቲሶል መለካት ካስፈለገ ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይቀዳ።

ወደ ጉበት እንለፍ፤ የንግግሬ እምብርት እዚህ ነው። አዋቂ ሰው ስቴሮይዶችን ከሚያፈርስባቸው ኢንዛይሞች አንዱና ዋናው ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል። ፅንስ ይህ ኢንዛይም ከሞላ ጎደል የለውም፤ በምትኩ የሚሠራው ወንድሙ ሲዋይፒ 3ኤ7 ነው። ይህ ወንድም ሥራ ፈት አይደለም፤ ከእንግዴ ልጁ ጋር ተቀባብሎ ኢስትሪዮል የሚባለውን የእርግዝና ሆርሞን ለመሥራት የሚረዳ ነው። መድኃኒት በማፍረስ በኩል ግን እንደ 3ኤ4 አይበረታም። ሕፃኑ ሲወለድ የሥራ ርክክብ ይጀመራል፦ 3ኤ7 እየቀነሰ፣ 3ኤ4 እየጨመረ ይሄዳል። ርክክቡ በሳምንታት ውስጥ በጉልህ ይታያል፣ ወደ አዋቂው መጠን ለመድረስ ግን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ኮርቲሶልን ለማስወገድ የሚያገለግሉት ሌሎቹ የጉበት ኢንዛይሞችም ገና ናቸው፤ የፈረሰውን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣምሮ ለሽንት የሚያዘጋጀው መንገድ ደካማ ሲሆን፣ ከሰልፌት ጋር የሚያጣምረው ግን በተወለደበት ዕለት እንኳ ጥሩ ይሠራል። ኩላሊትም አብሮ ይታሰብ። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የኩላሊት የማጣራት አቅሙ ለአካል ስፋቱ ተመዝኖ ከአዋቂው ሩብ እንኳ አይደርስም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ያለጊዜው የተወለደው ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ቀስ ብሎ ይጨምራል።

ድምሩ ምን ይሰጣል? ሀይድሮኮርቲዞን በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ ግማሹ የሚወገደው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በፅኑ በታመመ ጨቅላ ውስጥ ከዚህ ይረዝማል፤ ያለጊዜው በተወለደው ይብስ ይረዝማል፤ ወደ ሙሉ ወር በተጠጋ ቁጥር ደግሞ የማስወገድ አቅሙ በፍጥነት ያድጋል። በዚህ ስሌት የ29 ሳምንቷ ሕፃንና ጎኗ የተኛው የ39 ሳምንቱ ሕፃን በኪሎ ግራም አንድ ዓይነት መጠን ቢሰጣቸው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ በደማቸው ውስጥ የሚቀረው አንድ ዓይነት አይሆንም። ከዚህም ሌላ የዛሬዋ የ29 ሳምንት ሕፃን ከአራት ሳምንት በኋላ የ33 ሳምንት ሕፃን ናት፤ ጉበቷ ተቀይሯል። ካርዱ ላይ የምንጽፈው ሳምንት በተወለደችበት ቀን ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም።

ዕድሜው ስድስትና ሰባት ወር የደረሰ ሕፃን ሲመጣ ግምታችንን መገልበጥ ይኖርብናል። ከአካሉ አንጻር ጉበቱ ትልቅ ነው፣ 3ኤ4 በርትቷል፤ በኪሎ ግራም ሲሰላ መድኃኒቱን ከአዋቂው በፍጥነት ሊያስወግድ ይችላል። «ሕፃን ነውና እንቀንስለት» የሚለው ደግነት ለአራሱ ሊሠራ ይችላል፣ ለዚህኛው ግን ሊያሳንስበት ይችላል።

ፅኑ ሕመም ራሱስ ምን ያደርጋል? በቤልጂግ ሌቨን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት በፅኑ የታመሙ አዋቂዎች ኮርቲሶልን የማፍረስ አቅማቸው ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ደማቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የሚጨምረው ዕጢው ብዙ ስለሠራ ብቻ ሳይሆን ጉበትና ኩላሊት ማፍረሱን ስላቆጠቡም ጭምር ነው። ይህን ግኝት እንዳለ ወደ ጨቅላ መገልበጥ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ያሳስበኛል። ገና ያልበሰለ ጉበት ላይ የሴፕሲስ ጫና ሲጨመር፣ የምንሰጠው ሀይድሮኮርቲዞን ከምናስበው በላይ ሊከማች ይችላል። መከማቸቱን በአልጋው ዳር ከምናይባቸው ምልክቶች ፈጣኑ የደም ስኳር ነው። ስኳሩ መውጣት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ግሉኮሱ ላይ ነው፤ የስቴሮይዱንም ሰዓትና ድግግሞሽ አብረን ብንመረምር መልካም ነው።

ስለ ቅዝቃዜ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ከጦሳ ግርጌ ሆኖ ስለ ብርድ አለመናገር አይቻልምና። ኢንዛይም ሙቀት ይፈልጋል። ሰውነቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ወርዶ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚደርስ ሕፃን ልቡ፣ የደም ዝውውሩና ጉበቱ ቀዝቅዘው ነው የሚደርሱት። ሲወለድ ታፍኖ የተጎዳ ሕፃንን ሆን ብሎ ወደ 33.5 ዲግሪ በማቀዝቀዝ በሚደረገው ሕክምናም መድኃኒቶች እንደሚዘገዩ የታወቀ ነው። እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ የሞቀ ሕፃን መድኃኒቱንም በተሻለ ያስወግዳል፤ የካንጋሮ እንክብካቤን እንደ ፋርማሲ ባለሙያ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በክፍላችን ውስጥ አብረው ከሚሰጡ መድኃኒቶች ዋናው ጉዳይ ፊኖባርቢታል ነው። ለጨቅላ ሕፃን መንቀጥቀጥ መጀመሪያ የምናነሣው እሱን ነው፤ እሱ ደግሞ 3ኤ4ን የሚያነቃ ነው። ውጤቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ኢንዛይሙ ይበዛና ዴክሳሜታዞንን፣ ፕሬድኒሶሎንንና ሀይድሮኮርቲዞንን በፍጥነት ማፍረስ ይጀምራል። ፊኖባርቢታል ሲቆም ደግሞ ኢንዛይሙ ቀስ ብሎ ይመለስና ያው የስቴሮይድ መጠን እየከበደ ይመጣል። ለማጅራት ገትር ቲቢ የሚታከም ሕፃን የሚወስደው ሪፋምፒሲንም እንዲሁ ያደርጋል፣ ያውም በብርቱ። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል በተቃራኒው 3ኤ4ን ያዳክማል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሕፃን ለፈንገስ የተጋለጠ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ካርድ ላይ መገናኘታቸው የተለመደ ነው፤ ሲገናኙ ቢያንስ አንድ ሰው ልብ ሊለው ይገባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ትክክለኛው መጠን ሕፃኑ ውስጥ ገብቷል በሚል ነው። ገብቷል ወይ? እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ቫይል፣ ማለትም የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከፍቼ ላሳያችሁ። ሀይድሮኮርቲዞን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም ዱቄት ነው፤ የተሰናዳው ለአዋቂ ነው። በ2 ሚሊ ሊትር ስንበጠብጠው በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይኖራል። ለኩታበሯ ሕፃን በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ የሚያስፈልጋት 1.2 ሚሊ ግራም ነው፤ ያ ማለት 0.024 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን በዓይኑ የሚለካ ሰው የለም። ይባስ ብሎ የተለመደ ሲሪንጅ አፍንጫው ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ከዚህ መጠን ይበልጣል። ነርሷ በዚያው ሲሪንጅ ላይ ውኃ ስባ ብትቀጥነው፣ አፍንጫው ውስጥ የቀረውም አብሮ ይቀጥንና ሕፃኑ ውስጥ ይገባል፤ ሳይታወቅ ሦስትና አራት እጥፍ ተሰጠ ማለት ነው።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የማወራው። ጀማሪ በነበርኩበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ እኔ ራሴ የአቀጣጠን ወረቀት አዘጋጅቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ወረቀቱ «1 ሚሊ ሊትር ወስደህ ወደ 10 ሙላ» ይል ነበር። ከየትኛው ፈሳሽ እንደሚወሰድ ግን አልጻፍኩም። በሌሊት ተረኛ የነበረ ባልደረባዬ ከመጀመሪያው ብጥብጥ፣ ማለትም ከ50ው፣ ወስዶ ሞላ፤ እኔ ያሰብኩት ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀጠነው፣ ከ10ሩ፣ ነበር። ሕፃኑ አምስት እጥፍ አገኘ። ስኳሩ ወጣ፣ ግፊቱም ከሚፈለገው በላይ ሆነ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተስተካከለ። ስህተቱ የባልደረባዬ አልነበረም፤ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ ሙሉውን 2 ሚሊ ሊትር በአዲስ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አድርጋችሁ በኖርማል ሳላይን እስከ 10 ሙሉ፤ አሁን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ከዚህኛው 1 ሚሊ ሊትር በሌላ አዲስ ሲሪንጅ ውሰዱና እስከ 10 ሙሉ፤ አሁን በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ሆነ። ለ1.2 ኪሎ ሕፃን 1.2 ሚሊ ሊትር ትሰጣላችሁ፤ ይህን ማንም በዓይኑ ያነበዋል፣ ሁለተኛው ሰውም ቆጥሮ ይፈርምበታል።

ስለ መበጥበጫው ውኃም ላንሣ። አንዳንድ የሀይድሮኮርቲዞን መበጥበጫዎችና አንዳንድ የዴክሳሜታዞን ቫይሎች ቤንዚል አልኮል የተባለ ማቆያ አለባቸው። አዋቂ ሰው ይህን ወደ ቤንዞይክ አሲድ ለውጦ ከግላይሲን ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣዋል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህን ማጣመር በሚገባ አይችልም፤ አሲዱ ይከማችና ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል። በ1982 በአሜሪካ ይህ ማቆያ ባለበት ፈሳሽ የደም ሥር መስመራቸው ሲታጠብ የነበሩ ጨቅላዎች ሲያጣጥሩ ቆይተው መሞታቸው ተዘግቦ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ መበጥበጫውም ማቆያ የሌለው ይሁን። ይህም ያልበሰለ ጉበት ታሪክ ነው፤ የሚቸገረው መድኃኒቱን በማፍረስ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ የተሳፈረበትንም በማስወገድ ነው።

በዴክሳሜታዞንና በሀይድሮኮርቲዞን መካከል ስላለው ልዩነት ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ዴክሳሜታዞን በሚሊ ግራም ሲነጻጸር ከ25 እስከ 30 እጥፍ ይበረታል፤ በፕሮቲን በኩል የሚጓዘው በትራንስኮርቲን ሳይሆን በአብዛኛው በአልቡሚን ነው፤ ሥራውም በሴል ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይቆያል። አየር መስጫ መሣሪያ ላይ የቆዩ ጨቅላዎችን ለማላቀቅ በአንድ ወቅት በቀን በኪሎ ግራም 0.5 ሚሊ ግራም እየተጀመረ ለ42 ቀናት ይሰጥ ነበር። ሳንባው ተሻለ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ግን የአእምሮ ሽባነት በዝቶ ታየ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2002 እንደ ዘወትር ሕክምና መሰጠቱን ተቃወመ። በኋላ የተሞከረው መጠን በ10 ቀናት በጠቅላላው በኪሎ ግራም 0.89 ሚሊ ግራም ነው፤ ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ያ ሁሉ መድኃኒት በሳምንታት ዕድሜ ላይ ባለ፣ በሚገባ ማስወገድ በማይችል አካል ውስጥ ሲከማች እንደነበር ዛሬ ስናስበው ግልጽ ይመስላል። ሀይድሮኮርቲዞንም ንጹሕ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንዶሜታሲን ከተባለው መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጥ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ የፋርማሲ ባለሙያ ስልክ ማንሣት አለበት።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ ለምትሉ ተማሪዎች፣ ጥናቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። 1.2 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በመላ አካሏ ያላት ደም 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። ከአዋቂ በየሰዓቱ እንደሚቀዳው ከእሷ አይቀዳም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአንዱ ሕፃን ሁለት ጠብታ፣ ከሌላው ሦስት፣ ለምርመራ ከተቀዳው ትርፍ እየሰበሰቡ፣ ሁሉንም በአንድ የሒሳብ ሞዴል አጋጥመው ክብደት፣ ሳምንትና ሕመም እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያመጡ ይለያሉ። እንደዚህ ያሉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ክብደት ብቻውን ልዩነቱን እንደማያስረዳ ነው። የጠብታዋ ሰዓት በትክክል ካልተጻፈ ግን ሞዴሉ ዋጋ የለውም። የእኛም ካርድ ያው ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እዚህ አሰፍራለሁ። አንዲት ሲስተር «ጤና ጣቢያው የዴክሳሜታዞኑን ሰዓት ካልጻፈስ ምን እናድርግ? ስልክ ብንደውል አይነሣም» አለችኝ። ከባለሙያው ይልቅ እናቲቱን ብንጠይቅ ይሻላል ብዬ መለስኩላት። በኩታበሯ ሕፃን ጉዳይ ያደረግነው ይህን ነበርና ታሪኩን ጀባ ልበላችሁ። እናቲቱ አልጋዋ ላይ ሆና ሰዓት አልነበራትም፤ ሶላት ግን ነበራት። «የመጀመሪያውን መርፌ የአስርን ሶላት ሰግደው ሲወጡ ነው የወጉኝ፤ ሁለተኛውን ለፈጅር አዛን ሲል፤ ከዚያ አምቡላንሱ መጣ» አለችን። ልጅቷ የተወለደችው መግሪብ ካለፈ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ቆጠርነው፦ ሁለት ዶዝ፣ የመጀመሪያው ከወሊድ 27 ሰዓት ገደማ በፊት፣ ሁለተኛው 14 ሰዓት ገደማ በፊት። የሕፃኗ ካርድ ላይ ከ«ክብደት 1.2 ኪ.ግ» ቀጥሎ «29 ሳምንት፣ 3ኛ ቀን፤ እናት ዴክሳ ሁለት ጊዜ» ብለን ጨመርን፤ በየስምንት ሰዓቱ ሊሰጥ ታስቦ የነበረውን ሀይድሮኮርቲዞን ሐኪሙ በየ12 ሰዓቱ አደረገው፤ ስኳሯንም በየስድስት ሰዓቱ መለካት ጀመርን።